11,000 ተከታይ ኖሮኝ በርበሬዬ የከረመበት ዓመት

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. ነው፣ በእናቴ ሙቀጫና በአንድ የእጅ ስልክ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም ልትሸጥ አስባ መጣችና «እትዬ፣ ሰው እንዴት ነው የሚበዛው? ቶሎ አምስት ሺህ፣ አስር ሺህ እንዲገባልኝ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔ ራሴ በ2014 ስጠይቀው የነበረ ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል። መልሱን ለማግኘት የእቁብ ብሬ ሄዷል። ቡና አፍልቼ ሁለት ሰዓት ያህል ያጫወትኳትን፣ ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ አካባቢ ቻናሌ ላይ 214 ሰው ነበር። እሱንም ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ግን ከግማሽ በላዩን በስም አውቀው ነበር። የባንክ ሠራተኞች አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ። አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሬ ልጆች አሉ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በርበሬ የሚያሰጡበት ግቢ የላቸውም፣ እናቶቻቸው ነበሩ በየዓመቱ አዘጋጅተው የሚልኩላቸው፣ እናት ስትደክም ወይ ስታርፍ ወደ እኔ መጡ። በወር 35፣ 40 ኪሎ እሸጥ ነበር። የቤት ኪራይ ከፍዬ፣ የልጄን ትምህርት ቤት ከፍዬ፣ እቁብ ጥዬ ትንሽ ይተርፈኝ ነበር።

የበርበሬን ሥራ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ኋላ ላይ ለነገሬ ያስፈልገኛል። ዛላውን የማስመጣው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገበያ ነው። ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው፣ በርበሬ አይስማማውም። ዛላው ከመጣ በኋላ ይቀነጠሳል፣ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይወቀጣል፣ እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ለየብቻ ታመስ ታመስ ይደረጋል። ከዚያ ወፍጮ ቤት። ደመና ከሆነ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዛላው ሳይፈጭ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። አንዴ ከተፈጨ ግን ሽታውም ቀለሙም በየወሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ በ2014 መጀመሪያ ላይ ዓይኔ ወደ ሌላ ሰው ቻናል ሄደ። እንደኔው ባልትና የምትሸጥ ሴት ነች፣ ከሃያ ሺህ በላይ ሜምበር አላት። የኔን 214 ሳየው አፈርኩበት። ሰውም ያሳፍራል እኮ። አንድ ዘመዴ ቻናሌን ከፍቶ አየና «ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ። እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ «ስንት ኪሎ ትሸጫለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

በታኅሣሥ ሽልማት አወጣሁ። ቻናሉን ተቀላቅሎ፣ 20 ሰው አስገብቶ ስክሪንሹት ለላከ ዕጣ ይወጣለታል፤ ለአንደኛው ስማርት ስልክ፣ ለሌሎቹ የሞባይል ካርድ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 6,000 ሰው ገባ። እንቅልፍ አጥቼ ቁጥሩን ሳይ አድር ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ በኢንቦክስ መጣና 5,000 ሜምበር በአንድ ሌሊት አስገባልሻለሁ አለ። ከፈልኩት። አስገባ። ቻናሌ 11,000 ሞላ።

የገቡት እነማን ነበሩ? ስልክ ለማግኘት የመጡ ልጆች ናቸው። ከድሬዳዋ፣ ከጅማ፣ ከየትም። በርበሬ ቤታቸው ውስጥ የሚገዛው እናታቸው ነች፣ እነሱ አይደሉም። ዕጣው ከወጣ በኋላ «ቀጣዩ ሽልማት መቼ ነው?» የሚል ብቻ ነበር የሚመጣልኝ። በገንዘብ የገባው 5,000 ደግሞ ሰው እንኳን አልነበረም። ስም የለው፣ ፎቶ የለው፣ ባዶ አካውንት።

ከሽልማቱ በፊት አንድ ነገር ስለጥፍ በዓይኗ ምልክት ጎን የሚታየው የተመልካች ቁጥር 180፣ 190 ይደርስ ነበር፣ ከ214 ማለት ነው። 11,000 ከሞላ በኋላ ስለጥፍ 600 ነበር የሚታየው፣ እሱም ሽልማት እየጠበቁ ከሚከፍቱት ጋር። ከ214 ውስጥ ስንቱ ያዩት እንደነበርና ከ11,000 ውስጥ ስንቱ እንዳዩት ብቻ ባሰላ ኖሮ ያኔ ይገባኝ ነበር። የስድስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ሒሳብ ነው። አላሰላሁትም። ደስታው ያዘኝ።

እቁብ ደርሶኝ ነበር፣ 80,000 ብር። ፋሲካ ሊመጣ ነው። በፋሲካ ሰሞን ለዶሮ ወጥ በርበሬ የማይገዛ የለም። እኔ ደግሞ 11,000 ሰው አለኝ ብያለሁ። ከመቶ አንዱ ብቻ ሁለት ኪሎ ቢገዛ 220 ኪሎ ነው፣ ብዬ ደብተር ላይ ጻፍኩ። 2 ኩንታል ዛላ አስመጣሁ። ሁለት ሴቶች ቀጠርኩ። የሁዳዴን ጾም ግማሽ ያህል ስናሰጣና ስንወቅጥ ከረምን። ሁሉንም አንድ ላይ አስፈጨሁት። ፋሲካ ሚያዝያ 16 ነበር። እስከ በዓሉ ዋዜማ የሸጥኩት 58 ኪሎ ነው።

58ቱን ማን ገዛ? ያው የድሮዎቹ። አንዱም ከሽልማቱ ወዲህ የገባ አልነበረም። ደብተሬ ላይ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ።

የቀረው በርበሬ ጓዳዬ ውስጥ ከረመ። በሐምሌ ስከፍተው ቀይነቱ ወደ ቡና መልክ እየሄደ ነበር፣ ሽታውም ደክሟል። ያን ለደንበኞቼ መስጠት ኅሊናዬ እንቢ አለኝ። ለምግብ ቤቶች ከወጪዬ በታች ሸጥኩት። የእቁቡ ገንዘብ እንዲያ ሆኖ ሄደ፣ የእቁብ መዋጮዬን ግን እስከ መጨረሻው መክፈል ነበረብኝ። ያን ክረምት ማንንም ማናገር አስጠልቶኝ ነበር።

አባቴ ገበሬ ነው፣ ደጀን አካባቢ። ነገሩን ስነግረው አልተቆጣኝም። «አውድማ ላይ ያለውን ክምር ነው የቆጠርሽው» ብቻ አለኝ። ጤፍ ተወቅቶ ሳይዘራ ክምሩ ትልቅ ነው፤ ነፋሱ መጥቶ ገለባውን ሲወስደው ነው ስንት ኩንታል እንደሆነ የሚታወቀው። እሱ በልጅነታችን ምርቱ ጆንያ ሳይገባ ስንት ኩንታል አገኘን ብለን እንድናወራ እንኳን አይፈቅድልንም ነበር።

ነሐሴ ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ የሸጥኩትን የምጽፍበት ደብተር ነው፣ ስም፣ ኪሎ፣ ቀን፣ ስልክ። አንድ ጊዜ ብቻ የገዙትን ተውኳቸው። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የገዙትን በሌላ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። 43 ሰው ሆኑ። 43! ኪሎውን ስደምረው፣ በሦስት ዓመት ከሸጥኩት ውስጥ አራት አምስተኛው የእነዚህ ሰዎች ነው። ቤቴን ያቆሙት 43 ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን ከገና እስከ ፋሲካ አንድ ቀን እንኳን ለእነሱ ብዬ የለጠፍኩት ነገር አልነበረም። ስለ ዕጣ ነበር የማወራው። እንዲያውም አንዷ፣ ባሕር ዳር የምትኖር ነርስ ናት፣ ኋላ ላይ «በየቀኑ ስለ ስልክ ስታወሪ ሥራ የቀየርሽ መስሎኝ ቻናሉን ሚውት አድርጌው ነበር» አለችኝ። በጣም ነው ያመመኝ። የሚገዛኝን ሰው በማይገዛኝ ሰው ጫጫታ አባርሬው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ደወልኩ። ለ43ቱም። ለመሸጥ አይደለም፣ የምሸጠውም አልነበረኝም። «በርበሬዬን እንዴት አገኙት? ምን ይጉደል፣ ምን ይጨመር?» ብቻ ነው ያልኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ይህን ሥራ ለጀመረ ሰው ሁሉ ከማንኛውም ማስታወቂያ በፊት እንዲያደርገው የምለምነው ነገር ይህ ነው። ፊታችሁን ስለማያዩት በስልክ እውነቱን ይነግሯችኋል።

አንዲት እናት ልጇ ጨጓራ ስላለበት ማቃጠሉ የቀነሰ ትፈልጋለች፣ ግን ቀለሙ እንዲቀላ ትፈልጋለች። እስከዚያ ቀን ሁለት ዓይነት በርበሬ ማዘጋጀት አስቤ አላውቅም፤ አሁን ለስለስ ያለው ከሽያጬ ሲሶው ነው። አንድ መምህር ውጭ አገር ላለ ወንድሙ ነው የሚልከው፣ እርጥበት ካለው መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ስለዚህ ለሱ ደህና አድርጎ ደርቆ ሁለት ጊዜ በፕላስቲክ መታሸግ አለበት። ሦስት ሰዎች ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። «ሽሮሽ ውስጥ ጓያ አለ?»

ይህች ጥያቄ ሥራዬን ቀየረችው። እኛ አገር ጓያ ይበቅላል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፣ ሽሮ ውስጥ የሚቀላቅሉት አሉ። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተበላ እግር እንደሚያሽመደምድ ደግሞ የጎጃም ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቃል። እኔ አተርና ሽምብራ ብቻ ነው የምጠቀመው። ግን ያን ተናግሬ አላውቅም ነበር፣ የሚጠራጠር ያለ አልመሰለኝም። በማግስቱ አተሩንና ሽምብራውን ሳላስቆላው በፊት ሰፌድ ላይ ዘርግቼ፣ በእጄ እያፈስኩ፣ «ይህ አተር ነው፣ ይህ ሽምብራ ነው፣ ሌላ የለውም» ብዬ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ያየው 340 ሰው ነው። ዘጠኝ ሰው አዘዘ። ከሽልማቱ ፖስቶች አንዱ ከ4,000 ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር፣ ምንም አላሸጠልኝም። በርበሬም ላይ እንዲሁ ነው፤ ሰው ባዕድ ነገር፣ የተፈጨ ሸክላ ሳይቀር፣ ይቀላቀልበታል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ አሁን ዛላውን ሳይፈጭ፣ ሲቀነጠስ፣ ወፍጮ ቤት ሲገባ አሳያለሁ። ቪዲዮዎቹ ያማሩ አይደሉም። የእጄ ጥፍር ሳይቀር በርበሬ ነው። ግን የሚገዛ ሰው ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ቻናሉን ላጸዳው ሞከርኩ። አልተቻለም። ቴሌግራም ላይ የቻናል ባለቤት ስትሆኑ የአባላቱ ዝርዝር ውስጥ የሚታያችሁ 200 ያህሉ ብቻ ነው፣ አንድ በአንድ እያጠፉ 10,000 ሰው ማስወጣት አይሆንም። ስለዚህ ሌላ ከፈትኩ። ግሩፕ ነው፣ ቻናል አይደለም፣ ምክንያቱም ግሩፕ ላይ እነሱም ይናገራሉ። 43ቱን በስልክ ጠይቄ፣ እሺ ያሉትን ብቻ አስገባሁ። ሳይጠየቁ ሰው ማስገባትን ከለከልኩ። አንድ ሰው ዘመዱን ማምጣት ከፈለገ መጀመሪያ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ደውዬ አነጋግሬ አስገባለሁ። አንድ ወዳጄ «በር ዘግተሽ ትነግጃለሽ እንዴ?» አለኝ። አልዘጋሁም፤ የሚገባውን ሰው ስም ማወቅ ነው የፈለግኩት።

ሁለተኛው ለውጥ፣ ሳይታዘዝ አልፈጭም። ዛላ አስመጥቼ ግሩፑ ላይ ፎቶውን እለጥፋለሁ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት አስፈጫለሁ፣ ስንት ስንት ልያዝላችሁ?» እላለሁ። ግማሽ ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል። የታዘዘውን ያህል፣ ከዚያ በላይ አምስት ኪሎ ብቻ ጨምሬ አስፈጫለሁ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ የከረመ በርበሬ ጓዳዬ ውስጥ የለም። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ከሚያምን ሰው ጋር ነው። ለ11,000 የማላውቃቸው ሰዎች «ግማሽ ክፈሉ» ብል ማን ይከፍለኛል? እኔስ የት አውቃቸዋለሁ?

በነገራችን ላይ የውሸት ያልሆነ ብዛትም አለ፣ እሱንም ቀምሼዋለሁ። ዕቃ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የዓባይን በረሃ ስንወርድ በአውቶቡሱ መስኮት ቪዲዮ ቀረጽኩ። ጠዋት ነው፣ ጉም ሸለቆውን ሞልቶታል፣ መንገዱ ሥሩ ይጥመለመላል። ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። 92,000 ጊዜ ታየ፣ 2,300 ሰው ፎሎው አደረገኝ። እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ ደስ የሚል ኮሜንት ጻፉ፣ ውጭ ያሉት «አለቀስኩ» ብለው ጻፉልኝ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ግን እነዚህ ሰዎች የወደዱት ዓባይን ነው። ቀጥዬ በርበሬ ስለጥፍ ዝም ብለው አለፉት። እነሱ ሲያልፉት መተግበሪያው ቪዲዮው የማይፈለግ ስለሚመስለው ለሌላውም ማሳየቱን ይቀንሳል። ፊት በርበሬ የለጠፍኩ ቀን 800 ሰው ያይልኝ የነበረው ወደ 200 ወረደ። ፌስቡክም ቢሆን በፈረንጆቹ ጥር 2018 የወዳጅና የቤተሰብ ጭውውትን አስቀድማለሁ ብሎ ካሳወቀ ወዲህ፣ ሰው መልስ የማይሰጥበት የንግድ ገጽ ስንት ሺህ ተከታይ ቢኖረው ለጥቂቱ ብቻ ነው የሚታየው። ዝም የሚል ተከታይ እንዲያው ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም፤ ለሚገዛችሁ ሰው እንዳትታዩ ያደርጋል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ አሁን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ዓባይን፣ የማርቆስን ገበያ፣ የጥምቀትን ቪዲዮ የምለጥፍበት የግሌ አካውንት አለ፤ እዚያ ስለ ሽያጭ አላወራም። የበርበሬው ለብቻው ነው።

ከዚያ የሐምሌ 2015 መጨረሻ መጣ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለሳምንት መስሎን ነበር፣ ለወራት ቆየ። ቴሌግራም የለም፣ ቲክቶክ የለም፣ ፌስቡክ የለም። ብዙ ተከታይ የነበራቸው የማውቃቸው ነጋዴዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ ምክንያቱም ደንበኞቻቸውን የሚያውቋቸው በፕሮፋይል ስም ብቻ ነበር። «ቤቲ ፍቅር»፣ «የማርያም ልጅ 21»። ይህን ይዞ የት ይደወላል?

እኔ ደብተሬ ነበረኝ። ያኔ ግሩፑ ውስጥ 71 ሰው ነበር፣ የሁሉም ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፏል። ስልክ በሚሠራበት ቀን እደውላለሁ። በማይሠራበት ቀን ከተማ ውስጥ ያሉት ቤት ድረስ በእግር እሄዳለሁ። ክፍያ በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይገባል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ መላክ አልተቻለም፣ ሁለት ወር ሙሉ አዲስ አበባ የላክኩት ኪሎ የለም፣ ያን ጊዜ በጣም ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። ግን መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ጠብቄ 26 ኪሎ ጫንኩ። ቀድመው የከፈሉ ነበሩ። አንዲት ደንበኛዬ መንገዱ ተዘግቶ እያለ «ሲከፈት ትልኪዋለሽ፣ ብሩ አንቺ ጋ ይቆይ፣ አሁን ያስፈልግሻል» ብላ የሦስት ወር ሽሮ ክፍያ አስገባችልኝ። ይህን በምን ቁጥር ትለኩታላችሁ?

አሁን የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው። በወሩ መጨረሻ ደብተሬን ከፍቼ ማን ተመልሶ እንደመጣ አያለሁ። ማን ሦስት ወር እንደቀረ አያለሁ፤ ለቀረው እደውላለሁ፣ አንዳንዱ ታሞ ነው፣ አንዳንዱ ቅር ብሎት ነው፣ ቅር ያለው እውነቱን ከነገረኝ እጥፍ አድርጌ ነው የማመሰግነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ «ማን ነገረዎት?» ብዬ እጠይቅና የላከውን ሰው ስም ከጎኑ እጽፋለሁ። አሁን ግሩፑ ውስጥ 164 ሰው አለ። ከእነሱ ውስጥ ሰው ልኮ የመጣው 120ው ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የላከችልኝ ባሕር ዳር ያለችው ያቺ ነርስ ነች፣ ሚውት ያደረገችኝ፤ 14 ሰው። ላይክ አድርጋ ታውቃለች? አንድም ቀን። እሷን በላይክ ብለካት ኖሮ የለችም ነበር።

ችግር የለውም አልልም። ሰዎቹ ጥቂት ሲሆኑ አንዱ ሲሄድ ይሰማል። ባለፈው ዓመት በወር አምስት ኪሎ የሚወስድ ምግብ ቤት ተዘጋ፣ ኪሴ ወዲያው ነው ያወቀው። ደግሞ ሰው ስሙን ካወቅሽለት ሌሊትም ይደውላል። በጾም ዋዜማ ሁሉም በአንድ ሳምንት ያዛል፣ እኔ ደግሞ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ አስቀይሜአለሁ። እና ለማንኛውም ንግድ እንዲህ ነው አልልም፤ የስልክ ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ብዙ ሰው ማየቱ ይጠቅመው ይሆናል፣ አንድ ሰው በወር አራት ጊዜ ቻርጀር አይገዛም። የሚበላ፣ የሚለበስ፣ በእጅ የሚሠራ፣ ሰው አምኖ የሚወስደው ነገር የምትሸጡ ግን፣ በተለይ እንደኔ በትንሽ ገንዘብ የጀመራችሁ፣ ሜምበር የሚሸጥ ልጅ ኢንቦክስ ሲመጣ ብሩን ለእሱ አትስጡት። በዚያ ብር ካርድ ሙሉና ለደንበኞቻችሁ ደውሉ።

ተከታይ የገዛችሁም ካላችሁ፣ አሁን የምታወሩት ለማን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ተራ ጥያቄ ለጥፉ። «ለዶሮ ወጥ የሚቃጠለውን ነው ወይስ ለስለስ ያለውን የምትወዱት?» በሉ። መልስ የሚሰጡትን ብቻ ቁጠሩ። የዕይታውን ቁጥር አትመኑት፤ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ ሲደረግ የሚታየውም እዚያው ላይ ይደመራል፣ እሱም ይሸጣል ይገዛል። ጊዜ ወስዶ «እኔ ለስለስ ያለውን ነው፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ የጻፈላችሁን ሰው ግን ያዙት። በስሙ መልሱለት። ስልኩን ጠይቁት።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ስልኳን አስቀምጣ ደብተር እንድትገዛ ነው ያልኳት። ቀሚስሽን ልትለብስ የምትችለውን ሴት ሁሉ በስም ጻፊ፣ የአጎትሽ ሚስት፣ የልጅሽ አስተማሪ፣ አብራሽ ጽዋ የምትጠጣ፣ ማንም ትሁን፤ ከዚያ ደውይና ምን ዓይነት ጥለት እንደምትወድ ጠይቂያት አልኳት። ፊቷ ደስ ያላት አይመስልም ነበር፣ አምስት ሺህ ሜምበር የሚገባበትን ዘዴ ፈልጋ ነው የመጣችው።

ትናንት ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። 17 ስም አለበት። ከ17ቱ አንዷ ለልጇ ክርስትና የሚሆን ቀሚስ አዝዛለች፣ ቀብድም ከፍላለች። ከስሟ ጎን በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «አረንጓዴ አይሁን፣ ጥቁር ሰማያዊ። እጅጌው ረዘም ይበል። ለእናቷም ሳትጠይቀኝ አይቀርም።»